በሬት ፈንታ ማር

በርገን፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ ለሃምሳ አለቃ ገብረወልድ፣ ነገሌ ቦረና

አባባ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎስ? እኔም ባለቤቴ ባስልዮስም ልጃችን እስራኤልም አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «አልሰማሽም፣ መድፉ ጆሮዬን ወስዶታል፣ ጻፊልኝ» ብለው ይዘጉብኛልና ይኸው ጻፍኩ። የምጽፈው ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ በሁለት ደወል መካከል ነው። ከመሃል ከተቆረጠ አንዷ አሮጊት ጠርታኝ ነው።

ነገሩ ያሳፍራል፤ ግን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። እስራኤል ጡት አልተወም። ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ከሕፃናት ማዋያው ልወስደው ስሄድ እየሮጠ ይመጣና በሰው ፊት የሸሚዜን አንገት ወደ ታች ይጎትታል። አውቶቡስ ውስጥ ይጎትታል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ጎተተኝና ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ጺም ሲያበቅል ታስጥይው ይሆናል አለች። አብሬያት ሳቅኩ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። የማዋያው ሞግዚት ደግሞ በጣም በትሕትና፣ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ሰላም መሆኑን ጠየቀችኝ። ትሕትናዋ ከስድብ በለጠብኝ።

ባስልዮስ በቃ ብሏል። እናቱ እትዬ ኮከብም ከሻኪሶ ደውለው፣ ሬት ቀቢ፣ በዚያ እምቢ ካለ ለጥቂት ቀን ጥለሽው ጥፊ ብለውኛል። እዚህ አገር ሬት ተብሎ የሚሸጠው የፀጉር ቅባት ነው፤ አይመርም። እዚህ የሚኖረው የጦር ጓደኛዎ ልጅ ወንዶሰን ለገና ወደዚያ ይመጣል። እባክዎ ጥቁሩን ሬት ከገበያ ትንሽ ገዝተው ይስጡልኝ።

የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ። ሚያዝያ 16 ኦስሎ ከተማ የረዳት ነርስ ሥልጠና ይጀመራል። ሦስት ሳምንት ከቤት ውጪ ማደር ነው። ከሄድኩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ከቀረሁ ዕድሉ ዳግመኛ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ማስጣል አለብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። እኔስ እንዴት ነበር የተውኩት? ደወሉ ተደወለ

ፍሬሰንበት


ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለፍሬሰንበት ተክሉ፣ ዝናብ ለማያልቅባት ከተማ

ጉዳዩ፦ ጡት አልተውም ስላለው ተከሳሽ እስራኤል ባስልዮስ

ፍሬዬ፣ የልጄ ልጅ፣ ሰላምታዬ በደጅሽ ከሚወርደው ዝናብ ይብለጥ። እዚህ ዝናቡ ቀርቶብናል። ከብቱ ጎድኑ እየተቆጠረ በገበያው ያልፋል፤ የእናንተን ትርፍ በፖስታ መላክ ቢቻል ባለውለታዬ በሆንሽ ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ከመቀመጫዬ ስነሣ ብቻ የአዛዥ ድምፅ ይሰማል።

እኔ እንደምታውቂው ዛሬም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከላስቲኩ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። ራፖር ጸሐፊ የደረሰውን ጉዳይ ሁሉ ያለ ምስክር አይተወውምና ያንቺንም ስምሽን ሳልጠራ ለደጁ ሰው አቀረብኩት። (ስምሽን ጠርቼ ነው። ማንም ስላልሰማ አትቆጪ፤ ደግሞም ሁሉም ሰምቷል።)

አንደኛ ምስክር፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የጠባ ልጅ ትምህርት አይገባውም አለ። አንተስ ስንት ጠባህ ብለው ስምንት ወር አለኝ። «ታዲያ አንተ ምን ገባህ?» አልኩት። ተኳርፈናል።

ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ናት። ደብተሯን አውጥታ፣ ምግቡን በደንብ እስከበላ ድረስ ሁለት ዓመትም ከዚያም በላይ ቢጠባ ጉዳት የለውም ብላ አነበበችልኝ። ለአዛውንትም ይፈቀዳል ወይ ብዬ ብጠይቃት ደብተሯን ዘጋችው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤታችን ሸምሳ ናት። የወተት ዕቃዋን ይዛ ስታልፍ «አካም፣ ኦቦ ገብሬ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታኝ ቆመች። በእነሱ ዘንድ ልጅ የሚተወው ታናሽ ሲመጣበት ወይም ጓደኞቹ ሲስቁበት ነው አለች። ጡት የእናትና የልጅ ጉዳይ ስለሆነ የፍርድ ቤት ደጅ ሰው እንደማያገባውም ጨመረችልኝ። ይህን ስትል እኔን እያየች ለምን እንደሳቀች አላውቅም።

አራተኛው ቄሱ ናቸው። ሕፃን በዐቢይ ጾም ቢጠባ ጾም ገደፈ ይባላል ወይ ስላቸው ሳያሳልሙኝ ሄዱ።

እኔ ራሴ አባቴ አገር የኔታ ዘንድ ሀ ሁ ቆጥሬ ስመለስ እጠባ ነበር። እናቴ ዛሬ የተማርከውን ጥራ ትለኝና ከተሳሳትኩ ወተቱን ትከለክለኝ ነበር። ፊደል በሦስት ሳምንት ያወቅኩት በዚህ ነው። እንግዲህ ልጅሽን የአገሩን ፊደል በዚህ መንገድ አስተምሪው።

አንቺ እንዴት ተውሽ ላልሽው፣ ጡትሽን የሞያሌ ሹፌር ጭኖት ሄደ። አንድ ቀን እዚህ ቆሞ ነበር፣ ጫነው፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሽም።

ሬቱን ለወንዶሰን እሰጠዋለሁ። አንቺም ካርቦን ወረቀት ላኪልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል።

ፍርዱ ላንቺ ይሁን ብሎ የሚጸልይ አያትሽ

ገብረወልድ


በርገን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣ ጤናዎን እየተመኘሁ እጽፋለሁ። ካርቦን ወረቀቱን በሁለት ፖስታ ልኬያለሁ። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ደብዳቤዎን ለባስልዮስ አነበብኩለት። መምህሩ ላይ ሲደርስ ከሶፋው ሊወድቅ ነበር። ሹፌሩ ላይ ስንደርስ ግን እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ሆኜ ስጠይቅዎ ጅብ በላው ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ድመት ሆነ። አሁን ሹፌር። አንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ካለው አንዱም እውነት አይደለም ማለት ነው፤ ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ የሰው ክስ እየጻፉ።

ሞክሬያለሁ። ጡቴ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና ቆስሏል አልኩት። ቁስሉን ስሞ ይቅርታ ጠየቀውና ወደ ሌላኛው ዞረ። ሊፕስቲክ ቀባሁ፤ ፊቱን ቀለም በቀለም አድርጎ ተነሣና ለአባቱ ሮጦ አሳየ። ከዚያ የእትዬ ኮከብን ሁለተኛ ምክር ያዝኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እንቅልፍ ሲወስደው ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ላድር ቦርሳዬን አነሣሁ። ደረጃው ላይ ቆምኩ። አባባ፣ እግሬ አልወርድ አለ። የሚከለክለኝ ሰው የለም፣ ልጁ አላለቀሰም፣ አባቱ አጠገቡ ነው። ግን ከደረጃው ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ ተመለስኩ። ባስልዮስ ምን ነካሽ አለኝ፤ ቦርሳዬን አስቀምጬ ልጁ አጠገብ ተኛሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ላይም ቆሜ አልረጋም፤ አንዱን ክፍል ሳልጨርስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።

ስለዚህ ቀልዱን ይተዉትና ይጻፉልኝ። ሬቱን አደራ። ወንዶሰን ታኅሣሥ 20 ይነሣል።

ፍሬሰንበት


ነገሌ ቦረና፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

በወንዶሰን እጅ

ፍሬዬ፣ ገናው እንዴት ነበር? እኛ በዓሉን በአቧራ ተቀብለን በአቧራ ሸኘነው። ካርቦኑ ደርሶኛል፤ የፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊዎች ሁሉ እኔን አለቃ ብለው መጥራት ጀምረዋል።

ወንዶሰን አገር ቤት ሥጋ በዝቶለት ወፍሯል፤ አውሮፕላን ጣቢያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያንቺን ዕቃ እንዳይጥልብሽ አስምዬዋለሁ። ያዘዝሽው በጨርቅ የተጠቀለለው ውስጥ ነው። ከመክፈትሽ በፊት አትቆጪ። ከከፈትሽ በኋላም ትንሽ ቆይተሽ ተቆጪ።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ እንዳልመልስ ዛሬ ባለጉዳይ በዝቶብኛል። የልጁን ፎቶ ላኪልኝ። ሸሚዝ ሲጎትት የተነሣውን እንጂ ቆሞ የሚስቀውን አልፈልግም።

ገብረወልድ


በርገን፣ የካቲት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

አባባ፣

ጨርቁን ፈታሁ። ሬት አይደለም። የማር ብልቃጥ ነው።

ባስልዮስ ቀልዱ ገብቶት ሊስቅ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው። እትዬ ኮከብ ሲሰሙ ከፍቷቸዋል፤ የእኔን ምክር ለመናቅ ነው ብለዋል። እስራኤል ደግሞ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና አሁን በየቀኑ «ሬት ስጪኝ» ይለኛል። ጡቱንም አልተወም፣ ማሩንም ጨመረበት። ቀኑ ሁለት ወር ቀርቶታል። እኔ ደረጃ ላይ ቆሜ የምቀረው ሴት ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ይቀልዱብኛል።

የሸምሳ ልጅ ጋሮማ በፌስቡክ አግኝቶኝ ነበር። ከቡሌ ሆራ ሞያሌ መኪና እንደሚነዳ፣ ልጆቹን፣ ሁሉን ነገረኝ። የእኔን ነገር ለእናቱ ሲያወራላት ሳቀች አለኝ። ቃሏንም ጻፈልኝ፤ «እሷንስ አያቷ አይደሉ እንዴ ያጠቧት?»

ምን ማለት ነው? እናቴ እሙሽና አባቴ ተክሉ ኬንያ ውስጥ በወባ መሞታቸውን አውቃለሁ። ከመሄዷ በፊት ጡት ትቼ እንደነበር ነው የነገሩኝ። ትቼ ከነበረ ሸምሳ ምን እያለች ነው?

ሬት አልፈልግም። ማርም አልፈልግም። መልስ ብቻ ይላኩልኝ።

ፍሬሰንበት


ነገሌ ቦረና፣ መጋቢት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰንበት

የሰላምታውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጨርሰሽ ካነበብሽ በኋላ የምትሰጪኝ ከሆነ አንቺ ሙዪው።

ሠላሳ ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌ የራሴን አንድ ገጽ መጻፍ አቅቶኝ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። በካርቦን ስለነበር ስምንት ነው።

በ1983 ግንቦት ጦሩ ሲበተን እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ አያትሽ በዛብሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አባትሽ ከክፍሉ ጋር ወደ ሞያሌ ወረደ። ወታደሩ መሣሪያውን በየአጥሩ ጥግ እየጣለ በተገኘው መኪና ይጫን ነበር። በሰባተኛው ቀን አንድ ሰው መጥቶ፣ ተክሉ ከድንበሩ ወዲያ ታሞ ተኝቷል፣ የሚያነሣው ሰው የለም አለን። እናትሽ ልሂድ አለች። አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነው። ትጠቢ ነበር። ትተሽ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ጅቡም ድመቱም ውሸት ናቸው። ሹፌሩ ብቻ እውነት ነው።

መንገዱ ልጅ የሚወሰድበት አልነበረምና ፍሬ እኔ ዘንድ ትቅር አልኩ። እንዳትቸገር አስጥያት ብዬ ገበያ ሄጄ ሬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። እናትሽ ቀባችው። አንቺ ቀመስሽው፣ ፊትሽ ተጨማደደ፣ በቀሚስሽ ጫፍ ጠራርገሽ እንደገና ጠባሽ። ምሬቱ ዓይንሽን እያስነባው፣ ምን አደረግኩሽ በሚል ዓይን እናትሽን እያየሽ። ሦስት ቀን እንደዚያ። ሦስት ቀን ሬት ጠባሽ እንጂ አልተውሽም።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ከምሳ በኋላ እነሣለሁ አለ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር፤ አንቺ እየጠባሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። እናትሽ ጡቱን ከአፍሽ ማውጣት አልቻለችም። ትንሿን ጣቴን በከንፈርሽ ጥግ አስገብቼ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። እሷ ልቀስቅሳት፣ ልሰናበታት አለችኝ። እኔ የመድፈኛ ሃምሳ አለቃ፣ ትእዛዝ የለመደ ሰው፣ «ከቀሰቀስሻት አትሄጂም» አልኳት። ሳምንት ሳይሞላ ትረሳዋለች፣ ከመርሳቷም በፊት ትመለሻለሽ አልኳት። ሄደች። ከዚያ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ በዐሥራ አንድ ወሩ ከካምፕ የተመለሰ ወታደር የሁለቱንም ነገረን።

ስትነቂ አላለቀስሽም። ብታለቅሺ በተሻለኝ። አልጋው ሥር አየሽ፣ ከበሩ ኋላ አየሽ፣ የድስቱን ክዳን ከፍተሽ አየሽ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሽ። አራት ቀን እህል አልቀመስሽም። ሸምሳ ጋሮማን ታጠባ ነበርና መጥታ ጡቷን ሰጠችሽ፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። ወተት አልነበረም የፈለግሽው።

በአምስተኛው ቀን ሸሚዜን አወለቅሁና ማር በደረቴ ቀባሁ። በአባቴ አገር አንድ ሰው ለሌላው ሰው የጡት ልጅ ሲሆን፣ ማር በጌታው ጡት ይቀባና ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከዚያ ቤት ሊያስወጣው አይችልም። እኔም ይህችን ልጅ በዚያ ሕግ ልያዛት አልኩ። መጣሽ፣ አየሽኝ፣ ቀመስሽ። ፀጉሩ ከማሩ ጋር አፍሽ ውስጥ እየገባ ትተፊዋለሽ፣ ትመለሻለሽ። በማግሥቱ እንጀራ በላሽ። ሠፈሩ ሃምሳ አለቃው አራስ ሆነ ብሎ ሲሳለቅ፣ ሸምሳ የአራስ ገንፎ ይዛ መጣችልኝ። በላሁት። እስከ አምስት ዓመትሽ ድረስ እንቅልፍሽ ሲመጣ የሸሚዜን አንገት የምትጎትቺው አንቺ ነበርሽ። ልጅሽ ከማን እንደወረሰው እንግዲህ እወቂው።

ጥቅምት ላይ ሬቱን ልገዛ ገበያ ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ መዘነችልኝ፣ በእጄ ያዝኩት፣ ከዚያ መለስኩላት። ለቀልድ አልነበረም ማሩ።

ምክር ልሰጥሽ አፍ የለኝም፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ወደ ሥልጠናሽ ሂጂ። ልጁን ግን ተኝቶ ጥለሽው አትሂጂ። በጠራራ ቀን፣ ዓይኑን እያየሽ ንገሪው። ያልቅስ። ፊትሽን እያየ ያልቅስ።

ምንም አትላኪልኝ። መልስ ብቻ።

ገብረወልድ


ነገሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፍሬ፣

ደብዳቤ አልመጣም። ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ አሁን አሁንማ ገና ሳልመጣ መነቅነቅ ጀምራለች መሰለኝ። የፋሲካውን ዶሮ ከሸምሳ ቤት ጋር ተካፈልን፣ ሙስሊም ናትና እሷ የእኔን ቤት ዶሮ አትበላም፣ ወጡን ብቻ አየችልኝ ማለቴ ነው። ይህ ቀልድ አልሆነልኝም።

ትናንት ለአንድ ሰው የውርስ አቤቱታ ስጽፍ በአመልካች ቦታ ያንቺን ስም ጽፌ ተገኘሁ። ሰውዬው ፍሬሰንበት ማናት አለኝ።

ኦስሎ ሄደሽ ይሆን ወይስ ደረጃው ላይ ቆመሻል? ዛሬ ዝናብ ጣለ፤ ይህንን የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው የጻፍኩት። ስድብም ቢሆን ላኪ። ሰላምታ አልጠየቅኩሽም።

ገብረወልድ


በርገን፣ ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአባቴ ለሃምሳ አለቃ ገብረወልድ

ባዶ የተዉትን ቦታ ልሙላው። ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ለጉልበትዎም፣ ለደረትዎም።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አልፌ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅዎትም። ሦስት ሳምንት ብዕር አላነሣሁም። አንድ ቀን ጣትዎን ልቆርጠው እፈልጋለሁ፣ በማግሥቱ ልስመው። ሥራ ላይ አንድ ሽማግሌ ሳጎርሰው አፉን ሲከፍት እርስዎን እያየሁ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። የቆምኩበት ደረጃ ግን ምን እንደነበር አወቅኩ። ይህንን ማወቄ ረዳኝ።

የሄድኩት እሑድ ቀን ነው። እስራኤል ከምሳ በኋላ ተኝቶ ነበር። ባቡሬ ሊነሣ አንድ ሰዓት ሲቀረው አጎንብሼ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ባስልዮስ የተኛን ልጅ ለምን ትነኪያለሽ ሲል ዝም በል አልኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ለልጁ እሄዳለሁ፣ ሃያ አንድ ጊዜ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ፣ ስመጣ ጡቱ አይኖርም፣ እኔ ግን እኖራለሁ አልኩት። ጮኸ። ሸሚዜን ያዘ። አንድ ጊዜ ሰጠሁት፣ የመጨረሻ ነው ብዬ። ዓይኑን ሳይከድን እያየኝ ጠባ። ከዚያ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ፣ እያለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ባስልዮስ ደወለልኝ። ልጁ አልበላ ብሎታል። የእርስዎን ደብዳቤ አስነብቤው ነበርና ሸሚዙን አውልቆ ማሩን ደረቱ ላይ ቀባ። እስራኤል ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። በጣቱ ጠረገና ላሰው፣ ከዚያ «ዳቦ አምጣ» አለ። ከአባቱ ደረት ላይ ዳቦ እያጠቀሰ በላ። እትዬ ኮከብ በስልክ ሲሰሙ፣ እኔ ሬት ያልኩት ለዚሁ ነበር ማለት ጀምረዋል።

ስመለስ ሸሚዜን ዝቅ አድርጎ አየው። የድሮ ጎረቤቱን እንዳየ ሰው አየው። ከዚያ ጭንቅላቱን እዚያው አስደግፎ ተኛ። በቃ። ቋሚ ሆኛለሁ።

አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ አልጠይቅም። እማዬ ልቀስቅሳት ስትል ከለከሏት። ከዚያስ? በሩ ላይ ስትደርስ ምን አለች? የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ሳይል አይወጣም። አባባ፣ ያችን አንዷን ቃል ይላኩልኝ።

የጡት ልጅዎ ፍሬሰንበት


ነገሌ ቦረና፣ ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጡት ልጄ ለፍሬሰንበት

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የፖስታ ቤቷ ጸሐፊም ቆማ አነበበች፤ ጭንቅላቷን ብዙ ስለነቀነቀችልኝ መብት አላት። ባስልዮስን ደረቱን ሳሚልኝ። ፀጉራም ከሆነ አትሳሚው፣ ያጣብቃል፣ አውቀዋለሁ።

ባትጠይቂኝ ኖሮ ይዤው እሞት ነበር። እኔ ካንቺ የወሰድኩት ጡቱን ብቻ አይደለም።

እናትሽ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነበር። «ስትነቃ ማር ያቅምሷት» አለችኝ። «እናትሽ የላከችልሽ ነው በሏት።»

እንዲህ አለችና ሄደች።

ማሩን ሰጠሁሽ። ያውም አራት ቀን አዘግይቼ። ቃሉን ግን አስቀረሁት፤ ስሟን ካነሣሁ ደጃፉ ላይ ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ስታድጊ አፈርኩ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃው ብልሃተኛ ነው ሲለኝ ደስ አለኝና የእሷን ማር በስሜ ያዝኩት። ባለፈው ደብዳቤዬም በስሜ አድርጌ ጻፍኩልሽ። ሃያ ስድስት ዓመት።

የተበዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ለባለቤቱ እንዲመለስ ይታዘዝልኝ እላለሁ።

ብልቃጡን ገልብጪው፤ ሥሩ ላይ የቀረ አይጠፋም። ልጅሽን ጥሪና ለሁለት ቅመሱት። ከእኔ አይደለም፣ ፍሬ። እናትሽ የላከችልሽ ነው።

ገብረወልድ